ለትናንሽ የአሉሚኒየም ዕቃ የትኛው ካርሶሜት ይሻላል?

እዚህ አሽዶድ አራት ልጆቻችን የራሳቸውን ትንሽ ወርክሾፕ ሊከፍቱ እንደሆነ የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። ወሬው ከወጣ ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። "የኛም ልጅ ኢቡድ ሽቫቪ ተምሯል፤ ምን ዓይነት ማሽን ይግዛ? ስንት ዙር ይበቃዋል?" ትሉናላችሁ። ለያንዳንዱ በስልክ ከምናስረዳ አንድ ጊዜ እዚህ ብንጽፈው ይሻላል ብለናል። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

"ሶሻሉን ስለ ማሽን ምን አገባው?" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ያገባን በዋስ በኩል ነው። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ በልጅነታችን የመጣነው፣ ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ያለነው ሰዎች የወላጆቻችንን ወረቀት እያነበብን ነው ያደግነው። የባንኩን፣ የኢሪያውን፣ የትምህርት ቤቱን። አሁን በማህበራዊ አገልግሎት ሥራችንም ግማሹ ያው ወረቀት ማንበብ ነው። የሁለቱ ልጆች አባቶች ለማሽኑ ብድር ዋስ እንዲሆኑ ሲጠየቁ ወረቀቱን ይዘው ወደኛ መጡ። ከወረቀቱ ተነስተን ማሽኑ ጋ ደረስን። ማሽኑ እንጀራ ካላመጣ ዕዳው የሚሄደው፣ አባቶቹ ስንት ዓመት ማሽካንታ ወደከፈሉበት ቤት ነዋ።

ልጆቹ ሥራውን ያውቁታል። ተምረውታል፣ ከሠራዊት ከወጡ ወዲህም በፋብሪካ ፈረቃ ሲ ኤን ሲ ላይ ሠርተዋል። ግን ሥራ የተባለው ዕቃውን ማስገባት፣ በሩን መዝጋት፣ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን ነው። ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ይጽፋል። "መቼ ነው እኛም የምንጽፈው?" ብለው የጠየቁም ነበሩ፤ "ቆይ" ተባሉ፤ ቆዩ። የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አንጽፍም፣ ለዚህ ጽሑፍም አያስፈልግም። ወርክሾፑ የታሰበው ከዚያ "ቆይ" ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ካርሶሜት የምንለው ኢትዮጵያ ያሉ ቴክኒሻኖች ሚሊንግ ማሽን የሚሉትን ነው። ቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው ዕቃው ነው፤ እዚህ ግን የሚሽከረከረው መቁረጫው ነው፣ ዕቃው ሞርሳ ላይ ተይዞ ይቀመጣል። መቁረጫውን ይዞ የሚዞረው ክፍል ስፒንድል ይባላል። ሻጮች ሁሉ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ የስፒንድሉን ዙር ነው። "ይሄ 12,000፣ ያ 24,000፣ ይሄኛው 40,000!" ይላሉ፣ ዙር የበዛለት ሁሉ የተሻለ ይመስል። እኛ ከዙሩ አልጀመርንም። የጀመርነው ከዕቃው ነው።

ዕቃው የመስኖ መቆጣጠሪያ ሴንሰር የሚቀመጥበት ትንሽ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ርዝመቱ 60 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18። ውስጡ 12 ሚሊ ጥልቀት ይፈለፈላል። በአራቱ ማዕዘን ኤም 3 ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በ2.5 ሚሊ ይበሳና ጥርስ ይወጣለታል። የውስጥ ማዕዘኖቹ ስለታጠፉ እዚያ የሚገባው 3 ሚሊ መቁረጫ ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ 6061 የሚባለው ነው። አንዱ ጥሬ ቁራጭ 117 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። የቀረው ፍቅፋቂ ነው። ደንበኛው በወር 300 ይፈልጋል፤ ስለዚህ በወር 20 ኪሎ የሚጠጋ አሉሚኒየም እየተፋቀ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አሉሚኒየምን በካርባይድ መቁረጫ ስትቆርጡ የመቁረጫው ጠርዝ በደቂቃ 300 ሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይም ይሄዳል። የሚያስፈልገውን ዙር ለማግኘት 300ን በ1,000 ታባዙና፣ በ3.14 እና በመቁረጫው ስፋት ታካፍላላችሁ። 10 ሚሊ ለሆነ መቁረጫ በደቂቃ 9,500 ዙር ገደማ ይመጣል። ለ6 ሚሊ 15,900። ለ3 ሚሊ 31,800። መቁረጫው በቀጠነ ቁጥር ዙሩ ይጨምራል። ይህንን የመጨረሻ ቁጥር አይቶ "እንግዲያው 40,000 ዙር ያለውን ነው የምንገዛው" ማለት ቀላል ነው። ሻጩም የሚፈልገው እሱን ነው። ግን 20 ኪሎውን ፍቅፋቂ የሚያወጣው ማነው? 10 ሚሊውና 6 ሚሊው ነው። 3 ሚሊው መጥቶ ማዕዘን ያጸዳል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። 16,000 ዙር ላይ 3 ሚሊ መቁረጫ በደቂቃ 150 ሜትር ይሄዳል፤ ለማዕዘን ማጽዳት ይበቃዋል።

ሦስት ማሽን አየን።

የመጀመሪያው ደቡብ ውስጥ ሊዘጋ ያለ ወርክሾፕ የሚሸጠው ትልቅ አሮጌ ማሽን ነበር፤ ቢ ቲ 40 የሚባለውን መያዣ የሚወስድ፣ እስከ 6,000 ዙር። ሞርሳውም፣ መሣሪያዎቹም፣ መደርደሪያውም አብሮ ይመጣል፤ ዋጋውም ከሁሉ የረከሰ። አባቶቹ ወደዱት። ከባድ ነው፣ ሲነኩት አይነቃነቅም። ለብረት ሥራ ቢሆን እኛም እንወደው ነበር። ግን 6,000 ዙር ላይ 6 ሚሊው መቁረጫ በደቂቃ 113 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። መቁረጫው ሁለት ጥርስ ኖሮት እያንዳንዱ ጥርስ 0.03 ሚሊ ቢበላ፣ ማሽኑ በደቂቃ 360 ሚሊ ይራመዳል። በ15,900 ዙር ግን 950 ሚሊ። ይህ በአንድ ዕቃ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በ300 ላይ ስንት ቀን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ሌላም አለ። ዕቃው ሰባት መሣሪያ ይፈልጋል፤ አሮጌው ማሽን አንዱን አውርዶ ሌላውን ለማንሳት 6 ሰከንድ ይወስዳል፣ ፈጣኖቹ 2 ሰከንድ። ልዩነቱ በአንድ ዕቃ 28 ሰከንድ ነው። በ300 ዕቃ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ በየወሩ፣ ምንም ሳይቆረጥ።

ሁለተኛው በማሳያ አዳራሽ ያየነው 40,000 ዙር ያለው ነው። አቤት ማማሩ! እንደ ጀርመኑ ዳትሮን ያሉ አምራቾች እስከ 60,000 ዙር የሚደርሱ ስፒንድሎች ይሠራሉ፤ በውኃ ፋንታ በኢታኖል ጭጋግ ያቀዘቅዛሉ፤ ዕቃው ደርቆና ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቀጭን ሳህን፣ የመሣሪያ ፊት፣ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ ከ1 ሚሊ በታች የሆነ ቀዳዳ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሌላ አይፈልግ። ለኛ ዕቃ ግን ሁለት ነገር ያዘን። የዚህ ዓይነት ስፒንድል ጉልበቱ በከፍተኛ ዙር ላይ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ትልቅ መቁረጫ ይዞ ብዙ መፋቅ አይወድም፣ ብዙዎቹም ቡሎን ጥርስ በቀጥታ አያወጡም፣ በትንሽ መቁረጫ እየዞሩ ነው የሚፈለፍሉት። ይቻላል፤ ግን የልጆቹን አሠራር ሁሉ ይለውጣል። ሁለተኛው ዋጋው ነው። ዋጋው ሲነገረን ከአባቶቹ አንዱ ወደ በሩ ነበር የተመለከተው።

ሦስተኛው ያገለገለ ትንሽ ማሽን ነው፤ ቢ ቲ 30 የሚወስድ፣ 16,000 ዙር ያለው። በዚህ መደብ የታወቁት የጃፓኖቹ የብራዘር ስፒዲዮና የፋኑክ ሮቦድሪል ናቸው። (አዎ፣ ብራዘር የልብስ ስፌት መኪናው ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት ሲንገርን ስለሆነ አንዷ እናት "ስፌት ልትከፍቱ ነው እንዴ?" ብላ አስቃናለች።) መጀመሪያ የተሠሩት ለመብሳትና ጥርስ ለማውጣት ነው፤ ስለዚህ ኤም 3 ጥርስ ለነሱ ቀላል ነው። መሣሪያ የሚለውጡት ዓይን ሳይጨፈን ነው። 10 ሚሊውንም 6 ሚሊውንም በሚገባቸው ዙር ያስኬዳሉ። ትልቅ የብረት ሥራ አይችሉም፤ ልጆቹም ትልቅ የብረት ሥራ የላቸውም። መቆጣጠሪያውም በፋብሪካ የለመዱት ዓይነት ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ መቆጣጠሪያ እስኪለምዱ የሚሄደው ወር ኪራይ የሚከፈልበት ወር ነው።

በዙር ፈንታ ለሻጩ ሌላ ጥያቄ አቅርቡለት፤ "ስፒንድሉ ሲዞር መቁረጫው ስንት ይወላገዳል?" በሉት። 3 ሚሊ መቁረጫ በአንድ ጥርስ የሚበላው 0.015 ሚሊ ነው። መያዣው 0.01 ሚሊ ከመሃል ከወጣ አንዱ ጥርስ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፣ ሌላው ይሽከረከራል ብቻ። መቁረጫው ይሰበራል፣ ሰውዬው ዙሩን ይወቅሳል። ጥሩ መያዣ ላይ ገንዘብ ማውጣት 10,000 ዙር ከመጨመር ይሻላል። መቁረጫ በአገር ውስጥም ይሠራል፤ ኢስካር በ1952 ነሃሪያ ከአንድ ቤት ጓሮ የተጀመረ ድርጅት ነው፣ ዛሬ መሣሪያው ዓለም ላይ ሁሉ አለ። ለአሉሚኒየም ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ያለው፣ የፍቅፋቂ መውጫው ሰፊ የሆነ ይመረጣል።

ለምን ሰፊ እንደሚያስፈልግ ያስረዱን መሐንዲሶች አይደሉም፣ ከሁለቱ አባቶች አንዱ ናቸው። ወለቃ አካባቢ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሠሩ። እዚያ ለእጃቸው ምን ስም ይወጣለት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ቡዳ ይባሉ ነበር፣ የሰደባቸውም ሰው ማረሻው ሲሰበር ማለዳ በራቸው ላይ ይቆም ነበር። አሽዶድ ከመጡ ወዲህ መዶሻ አልያዙም፣ ጡረታ እስኪወጡ በጽዳት ነው የሠሩት። ማሽኑ ሲቆርጥ በመስተዋቱ አሻግረው ቆመው አዩ። ሲያልቅ ዕቃውን ተቀብለው በመዳፋቸው ያዙት።

"ትኩሳቱ የት ሄደ?" አሉ።

የሚያሳየው ሰው አልገባውም። ልጃቸው ተረጎመለት። እሱም ትንሽ ዝም ብሎ፣ ወደ ፍቅፋቂው ክምር ጠቆመ። ትኩሳቱ ከፍቅፋቂው ጋር ነው የወጣው።

"ብረት ሲግል ይነግርሃል" አሉ አባ፤ "መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካን ይመስላል፣ ከዚያ ይነጣል። ይኼ ግን ዝም ብሎ ነው የሚቀልጠው፤ የተሰበረ ድስት ስናቀልጥ አይቼዋለሁ።" እውነታቸውን ነው። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ሲሆን አሉሚኒየም 660 ላይ ነው፤ በቀን ብርሃን ሳይቀላ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ፍቅፋቂው ቶሎ ካልወጣ ይለሰልስና መቁረጫው ጥርስ ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈበት ጥርስ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ ከዚያ ጧ! ዙሩ ሲጨምር ፍቅፋቂ የሚወጣበት መንገድም፣ አየሩም፣ ማቀዝቀዣው ፈሳሽም አብሮ መጨመር አለበት። እንግዲህ ማሽን ስታዩ ስፒንድሉን ብቻ አትዩ፤ ፍቅፋቂው በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚጠራቀም ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

በነገራችን ላይ ይህን የፍጥነት ነገር መጀመሪያ የጻፈው በ1931 ጀርመን አገር ፓተንት ያወጣ ሰው ነው፤ ፍጥነቱ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ትኩሳቱ መልሶ ይቀንሳል ብሎ። እንዳለው ነው አይደለም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ስሙ ካርል ሳሎሞን ነው። በሰለሞን መጥተን በሳሎሞን ልንሠራ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ቀጥለው አባ የጠየቁት ግን የማያስቅ ነበር። "ወናፌ የፍየል ቆዳ ነበር። ሲቀደድ እኔው እሰፋዋለሁ። ይኼ ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል?"

ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ሁሉ ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቴክኒሻኑ አገር ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ይጠራል? ስፒንድሉ ቢሞት ተለዋጭ በስንት ቀን ይመጣል? ዋጋውስ? እኛ ለርካሹ ማሽን ስንደውል መልስ የሚሰጥ ሰው አጣን፤ ለሦስተኛው ስም ያለው ሰው ስልኩን አንስቶ መለሰልን። ምርጫችን ያዘነበለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ፈተናው። የማሽኑን ጠቅላላ ሰዓት ሳይሆን ስፒንድሉ የዞረበትን ሰዓት አስነበብን፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ከቀዝቃዛ አስነስተን እስከ 16,000 ቀስ በቀስ አስወጣነው፣ ድምፁን ሰማን። በዲያል መለኪያ መወላገዱን ለካን። ክብ አስቆረጥነው፤ ማሽኑ ያረጀ ከሆነ ክቡ በአራቱ አቅጣጫ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያሳያል። በመጨረሻም የራሳችንን አሉሚኒየም ይዘን ሄደን የራሳችንን ሳጥን 20 ጊዜ አሠራነው። የመጀመሪያውንና ሃያኛውን ስንለካ በ0.02 ሚሊ ተለያዩ፤ ስዕሉ የሚፈቅደው 0.05 ነው። ሻጩ ለምን ሃያ እንደሚያስፈልገን ጠየቀ፣ "አንዱማ ይበቃችኋል" አለ። አንዱ አይበቃም፤ ማሽኑ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን አንዱ አይነግራችሁም። ዕቃውም ራሱ ይሞቃል፤ 60 ሚሊ አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.014 ሚሊ ይረዝማል። በአሽዶድ ነሐሴ ቀዝቀዝ ሳይል የለካ ሰው የለካው ሙቀቱን ነው።

ስለ ቤቱ ባጭሩ። መጋዘኑ ከባሕሩ ሩቅ አይደለም፤ ጨው ያለው አየር ማሽኑ የሚንሸራተትበትን ብረት ይበላል። ስለዚህ ማታ ዘይት ሳይቀቡ መሄድ የለም፣ ለኮምፕሬሰሩም የአየር ማድረቂያ ያስፈልጋል። የዚህ መደብ ማሽን ከሁለት እስከ ሦስት ቶን ይመዝናል፤ ምድር ቤት ይሁን፣ በሩም ይለካ። መብራቱ ሦስት ፌዝ 25 አምፔር ነበር፤ ማሽኑ፣ ኮምፕሬሰሩና ማዝጋኑ ባንድነት ሲነሱ ስለማይችል ወደ 40 ከፍ እንዲል ተጠይቋል። ዋጋ ሲነገራችሁ "ሲደመር ማዓም" የምትለዋን ቃል ስሙ፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ ናት። ኦሴክ ሙርሼ የሆነ ሰው ይመለስለታል፣ እስኪመለስ ግን ከኪሱ ነው የሚያወጣው።

ወደ ዋሱ ወረቀት እንመለስ። መጀመሪያ የመጣው ወረቀት ስምንት ገጽ ዕብራይስጥ ነበር፤ "ዋጋው ዛሬ ብቻ ነው፣ ዛሬ ይፈረም" ተብሎ ከፋይናንስ ድርጅቱ የተላከ። ስሙን አንጠራም። አባቶቹ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አንስተው ነበር፤ ለልጅ እምቢ ማለት ከባድ ነው። አንድ በአንድ በአማርኛ አነበብንላቸው። አምስተኛው ገጽ ላይ ዋስትናው ለዚህ ብድር ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ወደፊት ለሚወስዱት ሁሉ ይላል፣ መጠኑም አልተጻፈም። "መጠኑ የት አለ?" አሉ አባ። የ1967 የዋስትና ሕግ ለግለሰብ ዋስ ጥበቃ አለው፤ እንዲያም ሆኖ ሕግ አለ ብላችሁ ባዶ ቦታ ላይ አትፈርሙ። ቁጥሩ ይጻፍ፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፣ ጠበቃ ይየው። እኛም መልሰን ላክነው። ሦስት ሳምንት ወሰደ፤ "ዛሬ ብቻ" የተባለው ዋጋ ከሦስት ሳምንት በኋላም እዚያው ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ፣ የእያንዳንዱ አባት ድርሻም ለብቻው ተጽፏል፤ የሌላኛውን ዕዳ አንዱ አይሸከምም።

ሁለተኛው አባት ግን አልፈረሙም። ወረቀቱ ተስተካክሎም አልፈረሙም። "ልጄን እወደዋለሁ፣ ቤቱ ግን የእናቱም ነው" አሉ። ልጁ ሁለት ሳምንት አኮረፈ፣ ከዚያ ያጠራቀመውን አምጥቶ በዋስትናው ፈንታ ተቀማጭ አደረገ። እኛ አባትየውን አልገፋፋናቸውም። እንድንገፋፋ የጠየቁን ነበሩ።

ማሽኑ ተመርጧል፤ ሦስተኛው ነው። ቀብዱ ተከፍሏል፣ ሃያዎቹ ሳጥኖች ደንበኛው ዘንድ ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከፋብሪካው ይወጣሉ፣ ሁለቱ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኪራይ እስኪረጋገጥ የሌሊት ፈረቃቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ማን ይቅር ማን ይውጣ የሚለውን በዕጣ ነው የለዩት። የመብራቱ ሰው "ከበዓላቱ በኋላ" ብሏል፤ እዚህ አገር ከበዓላቱ በኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባ ደግሞ ፍቅፋቂው ለማን እንደሚሸጥ ከአሁኑ እያጠያየቁ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ከብረት ጋር ካልተቀላቀለ ዋጋ አለው፣ ለየብቻ ሁለት በርሜል አዘጋጅተዋል።